ለአሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ዘፈን በርን አደራረግ፣ ከድሬ

አባቴ ቤት ያለው ሲዲ ማጫወቻ ከጅቡቲ የመጣ ነው፣ ምድር ባቡር ሲሰራ በነበረበት ጊዜ ራሱ ነው ይዞት የመጣው፣ ጥቁር፣ ከላይ መያዣ ያለው፣ ግራና ቀኝ ስፒከር፣ አናቱ ላይ ሲዲው ሚገባበት ክዳን። ፍላሽ መሰኪያ የለው ብሉቱዝ የለው። አባባ አሁን አይኑ ደክሟል፣ ስልክ ላይ ያለ ነገር ማየት አይችልም፣ የዚህን ዕቃ ቁልፎች ግን በጣቱ ያውቃቸዋል፣ የቱ እንደሚያስጀምር የቱ እንደሚያሳልፍ ሳያይ ይነካዋል። ብዙ ሰው ፍላሽ ሚቀበል ስፒከር ግዛለትና ተገላገል አለኝ፣ ገዛሁለትም፣ ግን እሱ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ቁልፍ ላይ ነው ያለው፣ ረጅም ስትጫኑት ሌላ ሁለቴ ስትጫኑት ሌላ፣ ሦስት ቀን ሞክሮ "አንተ ልጅ የኔኑ ዕቃ መልስልኝ" አለኝ። መለስኩለት። ከዛ ወዲህ ሲዲ በርን ማድረግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ባዶ ሲዲ ላይ ዘፈን መጻፍ፣ የኔ ስራ ሆነ፣ አሁን ለሱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ለሐረር ዘመዶችም እሰራለሁ፣ እና ቤታችሁ እንደዚህ አይነት ዕቃ ያለው አባት እናት አያት ካለ እናንተም ትችላላችሁ ብዬ ነው በዝርዝር ምጽፈው።

መጀመሪያ ያበላሸኋቸውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሲዲ ጣልኩ። ዘፈኖቹን ከፍላሽ ኮፒ አድርጌ ሲዲው ላይ ፔስት፣ ላፕቶፑ "ጨርሻለሁ" ይላል፣ ላፕቶፑ ላይ ይጫወታል፣ አባባ ማጫወቻ ውስጥ ሳስገባው ግን ሲዲው ይዞር ይዞርና ዜሮ ዜሮ ብሎ ይቆማል። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ወሰንኩ። ከዛ አንድ ሚሞሪ ሚሞሉ ቤት ፍላሼን ይዤ ሄድኩ፣ እነሱም ያው እኔ ያደረኩትን አድርገው ሰጡኝ፣ ከፍዬ ቤት ስገባ ያው ዜሮ ዜሮ። አባባ ግን ከድሮ ሲዲዎቹ አንዱን አውጥቶ ሲያስገባ ጥርት ብሎ ተጫወተ። ያኔ ነው ችግሩ ከዕቃው አይደለም፣ እኛ ከምንጽፍበት መንገድ ነው ብዬ ያሰብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲዲ ማጫወቻ ገበያ ላይ የወጣው በ1982 በፈረንጆች ነው፣ ፊሊፕስ እና ሶኒ አብረው ባወጡት ደንብ፣ ኤምፒ3 ሚባል ነገር ገና ባልተፈጠረበት ጊዜ። ያ ደንብ ሚለው ድምጹ ሳይጨመቅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይጻፍ ነው። ማጫወቻው ማንበብ ሚችለው ይህንን ብቻ ነው። ኤምፒ3 ደግሞ ተጨምቆ የተቀመጠ ፋይል ነው፣ ለማጫወት መጀመሪያ ሚፈታው ትንሽ ኮምፒውተር ነገር ያስፈልገዋል፣ ያ ነገር አባባ ዕቃ ውስጥ የለም። ስለዚህ ኮፒ ፔስት ስታደርጉ "ዳታ ሲዲ" ነው ምትሰሩት፣ ተራው ማጫወቻ ግን ሚፈልገው "ኦዲዮ ሲዲ" ነው። ሁለቱ አንድ አይነት ባዶ ሲዲ ላይ ይጻፋሉ፣ በአይን አይለዩም፣ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ናቸው። አቦ ይቺን ብቻ ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፣ ያልተጫወተላችሁ ሲዲ ካለ ከአስር ዘጠኙ በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ብገምት ብዙ አልሳሳትም።

ከዚህ ሚመጣ ሌላ ነገር አለ፣ ሰው ሁሌ ሚጠይቀኝ። "ፋይሎቹ ጠቅላላ 90 ሜጋ ናቸው፣ ሲዲው 700 ሜጋ ይላል፣ ለምን ሞላ ይለኛል?" ይሉኛል። ኦዲዮ ሲዲ ላይ ሜጋ ሚባለውን እርሱት፣ ደቂቃ ነው ሚቆጠረው። 80 ደቂቃ፣ አለቀ። ዘፈኑ ሲፈታ ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋ ምናምን ይወስዳል፣ ኤምፒ3 ሆኖ ትንሽ ይሁን ትልቅ ሲዲው ላይ እኩል ቦታ ነው ሚይዘው። የኛ ዘፈኖች ደግሞ ረጃጅም ናቸው፣ አምስት ስድስት ደቂቃ፣ ስለዚህ 13 ወይም 14 ዘፈን አስቡ። እኔ ደግሞ 80ውን ሙሉ አልሞላም፣ 74 ወይም 75 ላይ አቆማለሁ፣ ምክንያቱም ሲዲ ሚጻፈው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው፣ ያረጀ ማጫወቻ ጠርዙ ጋ ሲደርስ መዝለል ይጀምራል። አባባ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን ሲዘልበት ሙሉ ሲዲው እንደተበላሸ ነው ሚቆጥረው፣ ስለዚህ ባልሞላው ይሻላል።

ባዶ ሲዲ ስትገዙ ሲዲ-አር ሚለውን ግዙ። አርደብሊው ሚባለውን አትግዙ፣ እሱ እየተጠፋ ደጋግሞ ሚጻፍበት ነው፣ ጥሩ ይመስላል ግን ብርሃን ሚመልሰው ከሲዲ-አር በጣም ያነሰ ስለሆነ የድሮ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ አያየውም። ዲቪዲም እንዳይሰጧችሁ፣ መልኩ አንድ ነው፣ ጽሁፉን አንብቡ። ድሬ ውስጥ አሁን እንደድሮው በየሱቁ የለም፣ እኔ ታይዋን ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሚሸጡት ጋ እየዞርኩ ነው ማገኘው፣ አንዳንዴ ከዚራ በኩል ጽህፈት መሳሪያና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የቆየ ዕቃ ይኖራቸዋል። 50 በአንድ ክብ ዕቃ ውስጥ ተደርድሮ ሚሸጠውን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብቻ ግዙና ሞክሩ። ሌላው ሚጠቅማችሁ ነገር ሲዲውን ወደ መብራት ወይ ወደ ጸሐይ አንስታችሁ በሱ ውስጥ እዩ፣ ትናንሽ የመርፌ ቀዳዳ ሚመስሉ ብርሃን ሚያሳልፉ ነጥቦች ካሉ ሽፋኑ ስስ ነው ማለት ነው፣ መልሱላቸው። ሻጩ ቅር ቢለውም መልሱ።

መጻፊያው ደግሞ፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲዲ ማስገቢያ የለም፣ የድሮ ላፕቶፕ ወይ ዴስክቶፕ ካላችሁ እሱ ላይ ያለው ዲቪዲ ራይተር ሲዲም ይጽፋል። ከሌላችሁ በዩኤስቢ ሚሰካ ከውጪ ሚቀመጥ አለ። እሱን ስትጠቀሙ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፣ ብዙ መሰኪያ ባለው ማባዣ በኩል አይሁን፣ በመሃል ጉልበት ያንሰውና ያቆማል። ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ከሆነ ሁለቱንም ሰኩ፣ አንዱ ለጉልበት ነው።

አሁን ዘፈን ማዘጋጀት። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ በርን ማድረጉ አምስት አስር ደቂቃ ነው፣ ዝግጅቱ ነው ሲዲውን ጥሩ ሚያደርገው። አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ሚገቡትን ብቻ እዛ ሰብስቡ፣ ስማቸውን ከፊት 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ በምትፈልጉት ቅደም ተከተል ቀይሩ። አባባ ለምሳሌ የትኛው ቁጥር ላይ ምን እንዳለ በቃሉ ይዞታል፣ "ሰባተኛውን አምጣው" ነው ሚለኝ፣ እና ሲዲውን በድጋሚ ስሰራ ቅደም ተከተሉን ከቀየርኩበት ይቆጣል።

ጥራትን በተመለከተ፣ አሮጌ ማጫወቻ ስለሆነ ምንም ቢሆን ችግር የለውም ሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። እንደውም ትልልቅ ስፒከር ላይ ነው የተበላሸ ኤምፒ3 ሚያስጠላው፣ የድራሙ ሳህን ሲመታ ሹ ሹ ይላል። ከተቻለ 192 ኪሎቢት በሰከንድ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ኤምፒ3ው ብዙም አልተጨመቀም ማለት ነው) ወይም ከዛ በላይ የሆነውን ፈልጉ፣ ኦሪጅናል ሲዲው ዘመድ ቤት ካለ ከሱ ገልብጡ። 128ቱን ወደ 320 ቀየርኩት ሚል ሰው ካገኛችሁ ምንም አልጨመረም፣ የጠፋው ድምጽ ጠፍቷል፣ ፋይሉ ብቻ ነው የወፈረው። ወደ ኦዲዮ ሲዲ ስንቀይረውም እንደዛው ነው፣ ጥራት አይጨመርም አይቀነስም።

ከቴሌግራም ሚወርዱት አብዛኞቹ ኤምፒ3 ናቸው፣ እነሱ በቀጥታ ይሰራሉ። በቮይስ የተላከ ከሆነ ግን ሌላ አይነት ፋይል ነው፣ ብዙ በርን ማድረጊያ ሶፍትዌር አይቀበለውም። እሱን በቪኤልሲ መቀየር ይቻላል፣ ሚዲያ ሚለውን ከፍታችሁ ኮንቨርት ስላሽ ሴቭ፣ ፋይሉን ጨምሩ፣ ከዛ ፕሮፋይል ሚለው ውስጥ "ኦዲዮ ሲዲ" ሚል አለ፣ እሱን መርጣችሁ ስም ሰጥታችሁ ስታርት። ሚወጣው ዋቭ ፋይል ነው፣ ለሲዲ በሚሆነው 44,100 ልክ። ኤም4ኤ ሚባሉትም አልገባ ካሉ በዚሁ መንገድ ወደ ዋቭ ቀይሯቸው። ያጎቴን ነገር ልንገራችሁ፣ ጅቡቲ ነው ሚኖረው፣ ለአባባ በቴሌግራም ቮይስ ይልክለታል፣ አንዱ አስር ደቂቃ ሚሆን፣ ድሮ አብረው ባቡር ላይ የሰሩትን እያነሳ። አባባ ስልኬን ጆሮው ላይ ደግኖ ነበር ሚሰማው፣ እኔ ስወጣ ደግሞ አይችልም። ሁሉንም ሰብስቤ አንድ ሲዲ ላይ አደረኩለት፣ 11 ትራክ፣ አሁን በርጫ ሰዓት ላይ ወዳጆቹ ሲሰበሰቡ እሱን ነው መጀመሪያ ሚከፍተው።

የድምጽ መጠን ደግሞ አለ። ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ዝቅ ያለ ነው፣ የዘንድሮ ዘፈን ጮክ ያለ፣ ሁለቱን አንድ ሲዲ ላይ ስታቀላቅሉ ሰውየው ለአንዱ ከፍ ሲያደርግ ቀጣዩ ሲመጣ ጎረቤት ይነሳል። በርን ማድረጊያው ራሱ ማስተካከያ አለው፣ ታች እመጣበታለሁ። በደንብ ማስተካከል ከፈለጋችሁ ኦዳሲቲ ሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር አውርዱ፣ ኢፌክት ውስጥ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ሚል አለ፣ ለሁሉም ዘፈን አንድ አይነት ቁጥር ስጡ፣ እኔ ለምሳሌ ነጋቲቭ 18 ነው ምጠቀመው፣ የድምጹ ሞገድ ስዕል ጣሪያውን ሚነካ ከሆነ ወደ ነጋቲቭ 20 ዝቅ አድርጉት።

መንዙማ፣ ስብከት፣ ረጅም የኡድ ጨዋታ፣ ምናምን በርን ምታደርጉ ከሆነ ይቺን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ። ጎረቤታችን አንድ አዴ አሉ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሚሄድ መንዙማ በሲዲ አድርግልኝ አሉኝ። ሙሉውን እንዳለ አንድ ትራክ አድርጌ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን መጡ፣ አልተቆጡም፣ ግን "ልጄ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከቢስሚላሂ ነው ሚጀምረው፣ መጨረሻውን እስከዛሬ አልሰማሁትም" አሉኝ። በጣም አዘንኩ። የድሮ ማጫወቻ የት እንደደረሰ አያስታውስም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከአንድ ይጀምራል፣ እና ሲዲው አንድ ትራክ ብቻ ከሆነ ወደፊት መዝለያ የለም፣ ቁልፉን ተጭኖ ቆሞ እያንቋረረ ማሳለፍ ነው ያለው። የድሬን መብራት ታውቁታላችሁ።

መፍትሄው መቆራረጥ ነው። ኦዳሲቲ ላይ ፋይሉን ክፈቱ፣ መጀመሪያው ላይ አንዴ ጠቅ አድርጋችሁ ኮንትሮልና ቢ አንድ ላይ ተጫኑ፣ ትንሽ ምልክት ይመጣል፣ 01 ብላችሁ ጻፉበት፣ ከዛ አምስት ደቂቃ አካባቢ ሂዱና እንደገና፣ እንደዛ እያላችሁ እስከ መጨረሻ። ቦታውን ስትመርጡ ግን ዝም ብላችሁ አምስት ደቂቃ ላይ አትቁረጡ፣ መንዙማ ባዩ ትንፋሽ ሚወስድበት ወይም ድቤው ሚያርፍበት ቦታ ፈልጉ፣ ድምጹ መሃል ከቆረጣችሁት ትራኩ ሲቀየር ጠቅ ሚል ነገር ይሰማል። ሲዲ ሰከንዱን 75 ቦታ ከፍሎ ነው ሚያስቀምጠው፣ ቁርጡ ከዛ ክፍል ጋር ካልገጠመ ጫፉ በዝምታ ይሞላል፣ ትንፋሽ ላይ ከሆነ ማንም አይሰማውም። ሲያልቅ ኤክስፖርት ውስጥ ገብታችሁ ብዙ ፋይል፣ በሌብል ተከፋፍሎ ሚለውን መርጣችሁ፣ በዋቭ፣ 16 ቢት፣ 44,100 አውጡት። ኦዲዮ ሲዲ እስከ 99 ትራክ ይቀበላል፣ ስለዚህ ቆርጣችሁ አትፈሩ። አዴ አሁን መብራት ሲመጣ ማሳለፊያውን ስምንቴ ዘጠኜ ነካ ነካ አድርገው ያቆሙበት ይደርሳሉ።

እሺ፣ በርን ማድረግ። ዊንዶውስ ካላችሁ ሌላ ሶፍትዌር ማውረድ አያስፈልግም፣ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ይበቃል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሁለት አለ፣ ሌጋሲ ሚል የተጨመረበትን የድሮውን ክፈቱ፣ አዲሱ አይጽፍም። በቀኝ በኩል ከላይ በርን ሚል አለ፣ እሱን ተጫኑ። ከዛ ሁሉም ሰው ሚረሳት ነገር፣ እዛው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የኦፕሽን ምልክት ከፍታችሁ "ኦዲዮ ሲዲ" ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። "ዳታ ሲዲ ኦር ዲቪዲ" ሚለው ላይ ከሆነ ያው እኔ አምስቱን እንዳበላሸሁት ታበላሻላችሁ። ከዛ ዘፈኖቹን ከፎልደሩ ጎትታችሁ ቀኙ ላይ ጣሏቸው፣ ከላይ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይነግራችኋል፣ ከ80 ካለፈ "ቀጣይ ሲዲ" ብሎ ይከፍልባችኋል፣ ያኔ ሚቀነሰውን ቀንሱ። ቅደም ተከተሉን አንዴ ከላይ እስከ ታች አንብቡ፣ አንዳንዴ ተገላብጦ ይገባል።

ከመጀመራችሁ በፊት ኦልት ሚለውን ቁልፍ ስትነኩ ከላይ ሜኑ ይመጣል፣ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ በርን። እዛ ውስጥ ፍጥነት አለ፣ ፋስተስት ሆኖ ነው ምታገኙት፣ ወደ ሚዲየም ወይም ስሎው አውርዱት። ሲዲው ላይ 52ኤክስ ተብሎ መጻፉ በዛ ፍጥነት ይጻፍ ማለት አይደለም፣ እስከዛ ይችላል ማለት ነው። በፍጥነት ሲጻፍ ምልክቶቹ ጥርት አይሉም፣ አዲስ ማጫወቻ ይታገሳቸዋል፣ ያረጀ ሌንስ ያለው ግን ይሰናከልባቸዋል። በ16ኤክስ ሙሉ ሲዲ አምስት ደቂቃ ምናምን ነው ሚፈጀው፣ ቡና እስኪፈላ። እዛው ገጽ ላይ ቮልዩም ሌቨሊንግ ሚል አለ፣ ዘፈን ከተለያየ ቦታ ከሆነ ምልክት አድርጉበት፣ በኦዳሲቲ አስተካክላችሁ ከሆነ አያስፈልግም። ያለ ክፍተት በርን ማድረግ ሚል ደግሞ አለ፣ ለተቆራረጠው መንዙማ እሱን አብሩት፣ አለበለዚያ በየመሃሉ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ያስገባል። ለዘፈን ግን ሁለት ሰከንዷ ጥሩ ናት፣ ተዉአት።

አሁን ስታርት በርን። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን አትንኩት። ፊልም አትክፈቱ፣ ጠረጴዛውን አትግፉ፣ ፋይሎቹም ከፍላሽ ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ውስጥ የተቀመጡ ይሁኑ። ሲዲ-አር አንዴ ነው ሚጻፈው፣ በመሃል ከተቋረጠ ማስተካከያ የለውም። ስለዚህ የላፕቶፑ ባትሪ ቢያንስ ግማሽ መሆኑን አረጋግጡ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት ሚሄድበትን ሰዓት ሸሽታችሁ ስሩ፣ እኔ ሌሊት ነው ምሰራው፣ መብራቱም ይረጋል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ግንቦትና ሰኔ ቀን ላይ ቆርቆሮ ስር ያለ ቤት ውስጥ ላፕቶፑ ራሱ ይቃጠላል፣ መጻፊያው ደግሞ ሲግል ይሳሳታል፣ ሦስት አራት ሲዲ ተከታትላችሁ ምትሰሩ ከሆነ በየመሃሉ አሳርፉት።

ሌላ ሶፍትዌር መጠቀም ምትፈልጉ ሲዲ በርነር ኤክስፒ ሚባለው ነጻ ነው፣ እሱ ላይ ስትከፍቱት ኦዲዮ ዲስክ ሚለውን ምረጡ፣ ዲስክ አት ዋንስ ሚል ካለ እሱን፣ ፋይናላይዝ ሚል ካለ እሱንም፣ ያልተዘጋ ሲዲ ተራ ማጫወቻ አያነበውም። ሊኑክስ ላይ ብራሴሮ ወይም ኬ3ቢ። ማክ ላይ ሚውዚክ ውስጥ ፕሌይሊስት ሰርታችሁ ፋይል ሚለው ውስጥ በርን ፕሌይሊስት ቱ ዲስክ አለ፣ እዛም ኦዲዮ ሲዲ መሆኑን እዩ። በወር ክፍያ ከሚሰሙባቸው አፖች የወረዱ ዘፈኖች ተቆልፈው ስለሚመጡ በርን አይሆኑም፣ በዚህ አትድከሙ።

ሲወጣ አስተካክላችሁ መስራታችሁን ምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ሲዲውን መልሳችሁ ዊንዶውስ ላይ አስገቡና ክፈቱት፣ ትራክ01፣ ትራክ02 እያለ መጨረሻቸው ሲዲኤ ሚል ትናንሽ ፋይሎች ካሉ ኦዲዮ ሲዲ ነው። የዘፈኖቹ ስም ከነኤምፒ3ው ካለ ግን ዳታ ሆኗል፣ ሰውየው ቤት ድረስ ባጃጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ከዛ እዛው ማጫወቻው ላይ ሞክሩት፣ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉን እና የመጨረሻውን ትራክ።

ትክክል ሰርታችሁም ሚዘል ከሆነ ሌንሱን ጠርጥሩ። የድሬ አቧራ ደቻቱ ደርቆ ንፋስ ሲነሳ የተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሌንስ ላይማ። ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ የምስር ፍሬ ምታህል ሰማያዊ መስሎ ሚታይ መስታወት አለች፣ ከፋርማሲ አልኮል ገዝታችሁ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ ላይ ትንሽ፣ ሚንጠባጠብ አይሁን፣ በጣም በቀስታ ጠረግ አድርጓት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። በስፕሪንግ የተንጠለጠለች ስለሆነች መጫን የለም። ሲዲውን ራሱን ስትጠርጉ ደግሞ ከመሃል ወደ ውጪ ቀጥ አድርጋችሁ፣ በክብ አታዙሩ። የድሮ ኦሪጅናል ሲዲ ሚጫወት ከሆነና የናንተ ብቻ ከዘለለ ግን ሌላ አይነት ባዶ ሲዲ ግዙና ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ድገሙት።

የዳታ ሲዲም ቦታ አለው፣ መናቅ የለበትም። ማጫወቻው ፊት ላይ ኤምፒ3 ሚል ምልክት ካለ ፋይሎቹን እንዳሉ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ያኔ 700 ሜጋው ይሰራል፣ በ128 የሆነ ዘፈን ከሆነ ወደ 12 ሰዓት ሚጠጋ ይይዛል። ሐረር ያለው የአክስቴ ልጅ መኪናው ላይ እንደዚህ ያለ አለው፣ እሱ ከሐረር ድሬ 50 ምናምን ኪሎሜትር በደንገጎ በኩል ሲመላለስ ዘፈን አይደገምበትም። ለሱ ስሰራ ስሞቹን በላቲን ፊደል ነው ምጽፈው፣ በኛ ፊደል ከጻፍኩት ትንሿ መስኮት ላይ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዱ ማጫወቻ እንደውም ፋይሉን ይዘለዋል። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን፣ ሐረሪውን በየፎልደሩ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ግን አታብዙ። ይሄ ሁሉ ለቤትና ለዘመድ ነው፣ አባዝቶ መሸጥ የዘፋኙን እንጀራ መንካት ነው፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ።

አያያዙ ላይ ሰው ሚሳሳተው ታችኛው ገጽ ነው ዋናው ብሎ ላይኛውን በእስኪርብቶ ሲሞነጭር ነው። ድምጹ የተጻፈበት ሽፋን ያለው ላይኛው በኩል ነው፣ በስስ ቀለም ብቻ የተሸፈነ፣ እዛ ላይ የተጫረ ሲዲ አይድንም፣ ታች የተጫረ ግን ብዙ ጊዜ ይጫወታል። ስለዚህ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ማርከር ጻፉ። ወረቀት አትለጥፉበት፣ ሲዞር ሚዛኑን ይስታል፣ በሙቀት ደግሞ ሙጫው ይላቀቅና ወረቀቱ ማጫወቻው ውስጥ ይቀራል። ጸሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ በርን የተደረገ ሲዲ በቀለም ላይ ነው የተጻፈው፣ ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ መኪና መስታወት ስር የተረሳ ደግሞ ይጣመማል።

ለአባባ ጽሁፉ አይታየውም፣ ሲዲው ላይ ደግሞ ምንም መለጠፍ አይቻልም፣ ስለዚህ ምልክቱን ማህደሩ ላይ ነው ያደረግነው። እናቴ ከተረፈ ጨርቅ ኪስ ኪስ ሰፋችለት፣ ውስጡ የወረቀት ከረጢቱ እንዳለ ይገባል፣ ጨርቁ ጥግ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ተሰፍቷል፣ አንድ ቁልፍ አማርኛ፣ ሁለት ቁልፍ ኦሮምኛ፣ ሦስት ቁልፍ የሐረር ኡድ፣ አራት ቁልፍ የአጎቴ ድምጽ። በጣቱ ዳሶ ያወጣል። የሁሉንም ዋቭ ፋይል ላፕቶፕ ላይ በየፎልደሩ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይነካ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ምክንያቱም አራት ቁልፉ ያለው በየቀኑ ስለሚወጣና ስለሚገባ ቶሎ ቶሎ ይጫራል፣ እስካሁን ሁለቴ ደግሜዋለሁ፣ አጎቴም አዲስ ቮይስ ልኳል፣ በሚቀጥለው ስሰራው 12ኛ ትራክ ሆኖ ከመጨረሻ ይገባል።